«ጥሩ ነው» ማለት ሂስ አይደለም

በአንዲት አባላችን አጭር አኒሜሽን ላይ ስለ ሰጠነውና ስላልሰጠነው አስተያየት

ባለፈው የትምህርት ዘመን አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ በማኅበራችን የባህል ክፍል ጥሪ 30 ያህል ተማሪዎች በተማሪዎች ማእከል ምድር ቤት ተሰብስበን ነበር። የመጣነው አንዲት እህታችን የሠራችውን አጭር አኒሜሽን፣ ማለትም በእጅ ከተሣሉ ሥዕሎች የተቀናበረ ተንቀሳቃሽ ፊልም፣ ለማየት ነው። ፊልሙ 48 ሴኮንድ ብቻ ነው። በማምሻ ላይ አንድ ቀጥቃጭ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ማረሻ ይቀጠቅጣል። ፀሐይ ትጠልቃለች። ቀጥቃጩ ፈገግ ይላል። መዶሻው ከእጁ ይወድቃል፤ ጀርባው ይጎብጣል፤ ጣቶቹ ያጥራሉ፤ ፊቱ ይሾላል። በመጨረሻም ጅብ ሆኖ ወደ ጨለማው ይገባል። በሴኮንድ 12 ሥዕል ሒሳብ እህታችን 576 ሥዕሎች ሥላለች። ሥራው 4 ወር ፈጅቶባታል።

መብራቱ ሲበራ አጨበጨብን። «ጎበዝ!»፣ «በርቺ!»፣ «ኮራንብሽ!» አልን። አንዱ ወንድማችን «ካርቱን እኮ ለሕፃናት ነው፤ ምነው ለአገር የሚጠቅም ነገር ብትማሪ» ብሎ ቀለደ፤ እኛም ሳቅን። ሌላው «እግሩ ላይ አንድ ነገር ደስ አላለኝም» አለ። የቱ ጋ እንደሆነ ስትጠይቀው «እኔ እንጃ» ብሎ ወደ ቡናው ዞረ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስለ ፊልሙ የሚባለው ሁሉ አለቀ፤ ጨዋታውም ወደ መኖሪያ ፈቃድ እድሳትና ወደ ፈተና ፕሮግራም ተመለሰ። በዚህ መካከል አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወንድማችን የተቀዳለትን ቡና ሳይነካ ተነሥቶ ወጣ። ያስተዋልነው ጥቂቶች ነበርን፤ ያስተዋልነውም «ፈተና ይኖርበታል» ብለን ዝም አልን።

ከሳምንት በኋላ ሁለት ነገር ሰማን። አንደኛ፣ እህታችን ፊልሟን ከክፍሏ የዓመት መዝጊያ ትርኢት ልታወጣ ወስናለች። ምክንያቱን ስንጠይቃት፣ «30 ሰው አይቶት ስለ ፊልሙ የነገረኝ አንድም የለም፤ ሁላችሁም የነገራችሁኝ ስለ እኔ ነው» አለችን። ሁለተኛ፣ ያ ወንድማችን ከማኅበሩ ስብሰባ ቀርቷል። ለካስ አባቱም አያቱም ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። በልጅነቱ አብረውት የሚማሩት ልጆች «የቡዳ ልጅ» እያሉ ከአጠገቡ ይነሡበት እንደነበር ለማናችንም ነግሮን አያውቅም። (ይህን የምንጽፈው ሁለቱንም አስፈቅደን ነው።)

እንግዲህ በአንድ ምሽት ሁለት ሰው ልናጣ ደረስን። ይህ የሆነው ክፉ ሰዎች ስለሆንን አይደለም፤ የጓደኛን ሥራ አይቶ ያዩትን መናገር የሚባለውን ነገር ስላልተማርን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንል የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ለጓደኛ ሥራ ሂስ መስጠት እንደ ፈቃዳችን የምናደርገው ደግነት አይደለም፤ ዕዳ ነው። በተለይም ሥራው ከአገራችን ኑሮ የተቀዳ ሲሆን፣ ያንን ዕዳ ከእኛ በቀር ሊከፍልልን የሚችል ሌላ ሰው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የለም።

ስለ ቃሉ

«ሂስ» የሚለውን ቃል ስንጽፍ ብዙ ሰው ቅር እንደሚለው እናውቃለን። በ1960ዎቹ በውጭ አገር ይማሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን «ሂስና ግለ ሂስ» የሚለውን ሐረግ በማኅበሮቻቸው መጽሔቶች አዘውትረው ይጽፉት ነበር። በኋላ በደርግ ዘመን ይኸው ሐረግ ወደ መሥሪያ ቤቱና ወደ ቀበሌው ወርዶ፣ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ራሱን የሚከስስበት መድረክ ስም ሆነ። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ቃሉን ሲሰሙ የሚታያቸው ያ መድረክ ነው። ስለዚህ እኛ ልጆቻቸው ከሂስ ሸሽተን ወደ ምስጋና ብንጠጋ አይገርምም። ይሁን እንጂ በፍርሃት የሚሰጥ ምስጋናና በፍርሃት የሚሰጥ ኑዛዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ሥራው አንዳች እውነት አይናገሩም።

ደግሞም አገራችን ከዚያ እጅግ የቀደመ ሌላ የሂስ ቤት አላት። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። አድማጩ «ጎበዝ ልጅ ነህ» ብሎ አይሸኘውም። ቤቱ መምታቱን፣ ቃሉ ከምስጢሩ መግጠሙን፣ ሰሙ ወርቁን መሸከሙን መርምሮ የጎደለውን በቦታው ያሳየዋል። ተማሪውም ተሰደብሁ አይልም፤ ተመልሶ ይቆጥራል። እዚያ የሚመዘነው ቅኔው ነው። እኛ በዚያ ሐሙስ ማታ የመዘንነው ግን ልጅቷን ነበር።

የሥራው ጠባይ

የአንድን ሥራ ጉድለት ለመናገር ሥራው ምን ለማድረግ እንደተነሣ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ነገር በዐይናችን ፊት ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ማሳየት ከአኒሜሽን ጋር አብሮ የተወለደ ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል እ.ኤ.አ. በ1908 «ፋንታስማጎሪ» የተባለውን ፊልም ከ700 ያህል ሥዕሎች ሲሠራ፣ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የወይን ጠርሙስ አበባ ሲሆን፣ አንዱ ቅርጽ ከሌላው ሲፈልቅ አሳይቷል። በቲያትር ቤት ሰው ጅብ ሊሆን ቢፈልግ መጋረጃ መውደቅ፣ መብራት መጥፋት አለበት። በአኒሜሽን ግን መጋረጃው አያስፈልግም። ሠዓሊው በሰውየውና በጅቡ መካከል ያለውን መንገድ ሁሉ፣ አንድም እርምጃ ሳይዘል፣ በእጁ መሣል ይችላል። የጥበቡ ክብደትም እዚያው ላይ ነው። ሰውየውን መሣል ይቻላል፤ ጅቡንም መሣል ይቻላል፤ የሚያስቸግረው ሰውም ጅብም ያልሆነው የመካከሉ ነገር ነው።

ይህን ሥራ በጋራ መመርመርም አዲስ ነገር አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሠዓሊዎቹ ገና በእርሳስ ያሉ ሙከራዎቻቸውን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እያሳዩ ያስተቹ ነበር። ክፍሏን «የላብ ሳጥን» ብለው ሰየሟት። ላቡ የሙቀትም የፍርሃትም ነበር። ቢሆንም ሥዕሉ ገና እርሳስ ሳለ ስለሚታይ ስሕተቱ የሚታረመው በላጲስ ነው። እህታችን ፊልሟን ያሳየችን ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀደም ብላ ብታሳየን ኖሮ የት ነበርን? ለዚህ ጥያቄ ያለን መልስ አያኮራም። በኅዳር ወር ጥቂት ንድፎች ይዛ መጥታ ነበር። «ሲያልቅ እናየዋለን» ያልናት እኛው ነን።

ለዚህ አካባቢ ሰው «ሲያልቅ» ወይም «ነገ» ምን ማለት እንደሆነ አንድ የካይሮ ታሪክ ያስረዳል። የፍሬንከል ወንድማማቾች በግብፅ የመጀመሪያዎቹን የካርቱን ፊልሞች ሊሠሩ ሲነሡ፣ እንደሚተረከው፣ ገንዘብ የጠየቁት ሰው «ነገ፣ በሚሽሚሽ ወቅት» ብሎ መለሰላቸው። ሚሽሚሽ በዐረብኛ የፍሬ ስም ነው፤ አባባሉ በእኛ አነጋገር «አህያ ቀንድ ሲያበቅል» እንደማለት ነው። እነርሱም ዋናውን ገጸ ባሕርያቸውን ሚሽሚሽ ኤፈንዲ ብለው ጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣውንም ፊልም «ማፊሽ ፋይዳ» ማለትም «ጥቅም የለውም» ብለው ሰየሙት። ታሪኩ ደስ ይላል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ጠንካራ ሰው ማጣጣልን ተቋቁሞ ያልፋል» ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው። የምናውቀው ያለፉትን ነው፤ በ«ጥቅም የለውም» የቀሩትን ስማቸውን ማን ጻፈው?

ሁለተኛው ስብሰባ

ከእህታችን ጋር ተነጋግረን 7 ሆነን እንደገና ተገናኘን። ከመካከላችን አንዱ ወደ ወንድማችን ክፍል ሄዶ፣ ሳያባብለው ሳይለምነውም፣ «ያየኸውን እንድትነግረን ነው የምንፈልግህ» ብሎ ጠራው። መጣ። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አየነው፤ አንድ ጊዜ ያለ አንዳች ንግግር፣ ሁለተኛ እያንዳንዱ ማስታወሻ እየያዘ፣ ሦስተኛ ሥዕል በሥዕል እያቆምን። ያን ጊዜ የሚከተለው ታየን።

1) ክብደቱ። ሰውየው በአራት እግሩ የቆመው እጆቹ መሬት ከመንካታቸው በፊት ነው። ሰው ወደ ፊት ሲደፋ በመጀመሪያ ክብደቱ ይሸሻል፤ ትከሻው ይወርዳል፤ እጁም ለመደገፍ ይዘረጋል። በፊልሙ ግን አካሉ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል።

2) እግሩ። ባለፈው አንዱ ወንድማችን «ደስ አላለኝም» ብሎ የተወው ይህ ነበር። ጉልበቱ ወደ ኋላ ተሰብሯል። የጅብን የኋላ እግር የሚያይ ሰው ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያ የሚታየው መታጠፊያ ተረከዙ ነው። ጅብ እንደ ውሻ በጣቶቹ ነው የሚራመደው፤ እውነተኛው ጉልበት ወደ ሆዱ ተጠግቶ፣ እንደ ሰው ጉልበት ወደ ፊት ይታጠፋል። ስለዚህ ጉልበትን መስበር አያስፈልግም፤ ተረከዝን ከመሬት አንሥቶ እግርን ማስረዘም ይበቃል። እንዲሁም የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በፊልሙ ጀርባው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጅቡ ውሻ መስሏል።

3) ጊዜው። ለውጡ 6 ሴኮንድ፣ ማለትም 72 ሥዕል ይወስዳል። እጁም፣ ጀርባውም፣ ፊቱም በአንድ ጊዜ ጀምረው በአንድ ጊዜ ይጨርሳሉ። ሁሉም እኩል ሲለወጥ ዐይን የሚከተለው ያጣል። አንዱ ይቅደም፤ ሌላው ይዘግይ፤ በመካከሉም ተመልካች «ይመለስ ይሆን?» የሚልበት አንድ ፋታ ይኑር።

4) ፊቱ። በ9 ሥዕሎች ላይ የሰውየው ፊት እየደበዘዘ የጅቡ ፊት እየጎላ ይመጣል። ይህ ለውጥን ማሳየት አይደለም፤ መሸፈን ነው። ስንነግራት እህታችን ሳቀችና «ይህን ማንም አያይብኝም ብዬ ነበር፤ የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ደክሞኝ ነበር» አለች።

5) መዶሻው። መዶሻው ከመውደቁ በፊት ጣቶቹ ከትንሿ ጀምረው አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ይህ ከፊልሙ ሁሉ ያማረው ነው፤ 7ታችንም ሳንነጋገር ያንኑ ጽፈን ነበር። ይህን ስንነግራት ፊቷ ላይ ያየነው ነገር በመጀመሪያው ምሽት ከጭብጨባው በኋላ አልነበረም። ስለዚህ ምስጋናም አድራሻ ይኑረው እንላለን።

እዚህ ላይ ስንደርስ ስድስተኛው ጥያቄ መጣ፤ «በጅቡ ውስጥ ከሰውየው የቀረው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው «ፒኖኪዮ» ውስጥ ላምፕዊክ የተባለው ልጅ ወደ አህያነት ሲለወጥ የሚያስደነግጠን ጆሮው ስለረዘመ አይደለም። እጆቹ ሰኮና ሲሆኑ፣ ልጁ ገና ውስጡ ሆኖ እናቱን ሲጣራ ስለምንሰማው ነው። በእህታችን ፊልም ግን ሰውየው ሊለወጥ ሲል ፈገግ ይላል። «ለምን ፈገግ ይላል?» ብለን ጠየቅናት። «አያቴ ስትነግረኝ እንዲያ ነው፤ ሲመሽ ደስ ይላቸዋል ትላለች» አለች።

ያን ጊዜ ወንድማችን ተናገረ። በመጀመሪያ ስለ ወናፉ ነበር። በሥዕሉ ወናፉ አንድ ሆኖ በእግር ይረገጣል፤ እርሱ ያደገበት ወናፍ ግን ሁለት የፍየል ቆዳ ነው፤ በሁለት እጅ እያፈራረቁ ይነፉታል፤ እርሱም በ7 ዓመቱ ይነፋ ነበር። መስፉም ትልቅ ተሥሏል። ጉጠት የሚባል ነገር ደግሞ የለም፤ የጋለ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። ከዚያም ጥቂት ዝም አለና እንዲህ አለ፦ «አባቴ ሲመሽ የሚሆነው ጅብ አይደለም። ደክሞት ይተኛል።»

እኛ ብቻ የምናየው

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጠይቃለን። ይህ ፊልም ከእኛ በፊት በክፍሏ ታይቶ ነበር። መምህራኑም የዚህ አገር ተማሪዎችም ስለ ቀለሙና ስለ እንቅስቃሴው ብዙ ጠቃሚ ነገር ነግረዋታል፤ ታሪኩን ግን «ደስ የሚል የሕዝብ ተረት» ብለው አልፈውታል። አይፈረድባቸውም። ቀጥቃጩ ለእነርሱ ቀጥቃጭ ነው፤ ጅቡም ጅብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን የዘመናት ጥቃት የምናውቀው እኛ ነን።

በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂውና ሸማኔው ቡዳ እየተባሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ፣ ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። ገበሬው የሚያርሰው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ ነው፤ የሚያጭደው እርሱ በሳለው ማጭድ ነው፤ እመቤቲቱም ወጥ የምትሠራው ሸክላ ሠሪዋ በተኮሰችው ድስት ነው። እጃቸውን ይፈልጓቸዋል፤ ዐይናቸውን ይፈሯቸዋል። ወንዶቹ በቀጥቃጭነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ስም ተፈርተዋል፣ ተገልለዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን አዋጁን አልፎ እስከ ወንድማችን የትምህርት ቤት ወንበር ድረስ መጥቷል።

ያማረ ሥራ ክፉ ነገር ሊሸከም መቻሉ በታላላቆቹም ታይቷል። ሎተ ራይኒገር ከጥቁር ወረቀት በተቆረጡ ምስሎች የሠራችው፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የወጣው «የልዑል አሕመድ ጀብዱዎች» ከዚሁ ከምንኖርበት ክፍለ ዓለም ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳ ነው። በውስጡ ጠንቋይቱና አስማተኛው ቅርጻቸውን እየለዋወጡ ከአንዱ አውሬ ወደ ሌላው እየሆኑ የሚዋጉበት ቦታ አለ፤ የለውጥ አኒሜሽን የሚማር ሁሉ ሊያየው ይገባል። ግን ያ ክፉ አስማተኛ «አፍሪካዊው አስማተኛ» ነው። ጥበቡን እናደንቃለን፤ ክፋት ለምን የእኛን አህጉር ስም እንደተሰጠው ደግሞ እንጠይቃለን። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል። ለራይኒገር ይህን ጥያቄ የምናቀርብ ከሆነ፣ ለእህታችንና ለራሳችን የማናቀርብበት ምክንያት የለም።

ስለሆነም ግለ ሂሳችንን እናስቀድም። እህታችን የሣለችው ከአያቷ የሰማችውን ነው፤ ክፋት አላሰበችም። ነገር ግን 30 ሆነን ስናይ ከ30ው ስንቶቻችን ያንን ፈገግታ አይተን ውስጣችን ጎረበጠው? ቢያንስ ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሁለቱ ጎርብጦን ነበር። ዝም ያልነው በይሉኝታ ነው፤ «የልጅቷን ደስታ አናበላሽ» ብለን ነው። ደስታዋንም አላተረፍንላትም፤ ወንድማችንንም አስቀየምን። ይሉኝታ ለአንዱ ስንሳሳ ሌላውን የምናስከፍልበት ዕዳ ሊሆን እንደሚችል ያን ማታ ተማርን።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ጀማሪን ማበረታታት ይሻላል» የሚሉ አሉ። እኛም እንስማማለን፤ የምንለያየው ማበረታቻው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። 4 ወር ለደከመ ሰው ትልቁ ማበረታቻ ሌላ ሰው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሥዕሉን በሥዕል እንዲያይለት ነው። «በርቺ» ለማለት ፊልሙን ማየት አያስፈልግም።

«እኛ ሠዓሊዎች አይደለንም፤ ምን እናውቃለን?» የሚሉም አሉ። ስለ ጉልበቱ የነገራት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው። ስለ ክብደቱ የነገረቻት የግንባታ ምህንድስና ተማሪ ናት። ስለ ወናፉ የነገራት ወናፍ የነፋ ነው። ሂስ የሚጠይቀው የሙያ ማዕረግ አይደለም፤ ያዩትን በቦታው ማሳየትና ምክንያቱን መናገር ነው። መፍትሔውን ማግኘት የሠሪው ሥራ ነው።

«ተረት ነው፤ ለምን ታከብዱታላችሁ?» ለሚሉን ደግሞ መልሳችን አጭር ነው። ለሚያወራው ተረት ነው፤ ለሚወራበት ግን የልጅነት ታሪኩ ነው። ተረቱን ጣሉት አላልንም። ጅቡንም አልጠላነውም፤ በሐረር ሰው ጅብን በማታ እየጠራ በእጁ ያበላዋል፤ ከአንድ እንስሳ ብዙ ዓይነት ተረት ይወጣል። ያልነው፣ ተረቱን የሚሥል ሰው የማንን ዐይን ይዞ እንደሚሥል ይወቅ ነው።

የሆነው

እህታችን ፊልሟን ከትርኢቱ አላወጣችም። 72ቱን የለውጥ ሥዕሎች ጥላ፣ በ3 ሳምንት ውስጥ 120 አዲስ ሥዕሎች ሣለች። አሁን ቀጥቃጩ አይለወጥም። ማረሻውን እየቀጠቀጠ፣ ጉጠቱን በግራ እጁ ይዞ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች ማረሻቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ የሚለወጠው፣ እነርሱ በሚያዩት በኩል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ጥላው ነው። ሰዎቹ ማረሻውን አንሥተው እየሮጡ ይሄዳሉ። ቀጥቃጩ ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ መዶሻው ከእጁ ይወድቃል፤ ጣቶቹ ያው እንደ ድሮው ከትንሿ ጀምረው አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ያ መጀመሪያም ያማረ እንቅስቃሴ አሁን ምን እንደሚናገር ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ያልነውን ሁሉ እንዳልተቀበለች መጻፍ አለብን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በመጨረሻው ላይ «ቡዳ የሚባል ነገር የለም» የሚል ጽሑፍ እንድታክል፣ ሌሎችም የክራር ዜማ እንድታስገባ መክረን ነበር። ሁለቱንም እምቢ አለች፤ የቀረው ድምፅ የመዶሻና የወናፍ ብቻ ነው። ልክ ነበረች። ሂስ ሰጪ ያየውን ይናገራል እንጂ እርሳሱን ከሠሪው እጅ አይነጥቅም። የጥላው ጅብ የኋላ እግር ደግሞ አሁንም በ4 ሥዕሎች ላይ ጉልበቱን ወደ ኋላ ይሰብራል፤ ጊዜ አልበቃትም። ይህንንም እዚህ መጻፋችንን ታውቃለች።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

ሀ) ማናቸውም የአባል ሥራ፣ ፊልምም ቢሆን፣ ግጥምም ቢሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ቢሆን፣ ገና በእርሳስ ሳለ ለጓደኞች ይቅረብ፤ «ሲያልቅ እናየዋለን» የሚል መልስ ከመካከላችን ይቅር።

ለ) ሠሪው ከማሳየቱ በፊት ምን እንዲታይለት እንደሚፈልግ ይናገር፤ አስተያየት እየተሰጠ ሳለ ግን መከላከያ አያቅርብ፣ ይጻፍ።

ሐ) አስተያየት ሰጪ፣ ቢያመሰግንም ቢነቅፍም፣ ቦታውን ይጥቀስ። «የቱ ጋ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማሳየት የማይችል አስተያየቱን ያቆየው።

መ) የምንናገረው ስለ ሥራው ነው። ስለ ሠሪው መልክ፣ ዘር፣ የትምህርት ምርጫና የወደፊት እንጀራ የሚነገር ሁሉ ሂስ አይደለም፤ ቀልድ ቢመስልም ሐሜት ነው።

ሠ) ከስብሰባው ዝም ብሎ የወጣ ሰው ካለ፣ በማግስቱ አንድ ሰው ሄዶ ምን እንዳየ ይጠይቀው። ብዙ ጊዜ ከሁላችን የበለጠ ያየው እርሱ ነው።

እህታችን በሚቀጥለው መንፈቅ አዲስ ፊልም ትጀምራለች። የመጀመሪያዎቹን ንድፎች በመጪው ወር ሁለተኛ ሐሙስ፣ በዚያው ምድር ቤት፣ በእርሳስ እንዳሉ ታቀርባለች። ወንድማችንም እንደሚመጣ ነግሮናል። ለቡናው እኛ አለን፤ እናንተ ዐይናችሁን ይዛችሁ ኑ።